የደብረ ማርቆሱ የሴቶች መሰናክል፦ ከፍታው ልክ፣ ክብደቱ ጎደሎ

ደብረ ማርቆስ ካሉት የብየዳ ቤቶች አንዱ ለትምህርት ቤቶችና ለወረዳ ቡድኖች የሚሆን የሴቶች አጭር መሰናክል እየሠራ ይሸጣል። ሽያጩ በስብስብ ነው፤ ለአንድ የሩጫ መስመር የሚበቁ ስምንት መሰናክሎችና አንድ ስታርቲንግ ብሎክ፣ ማለትም ሯጯ ስትነሳ እግሯን የምትደግፍበት መርገጫ። ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጥ። ዕቃው ይገዛል። ቅርጹ ትክክል ነው፣ ከፍታው ትክክል ነው፣ ብየዳውም ያስተማምናል። ነገር ግን ከብየዳ ቤቱ እንደወጣ ውድድር ላይ አይቀርብም። እግሩ ላይ ብረት ሊጨመርበት፣ የላይ ጣውላውን የያዙት ምስማሮችም በቡሎን ሊተኩ ይገባል። ሁለቱም ሥራ እዚያው ቆሞ የሚያልቅ ነው።

አንድ ነገር ቀድሞ ይጥራ። በእኛ አገር መሰናክል ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው 3000 ሜትሩ ነው። የሴቶቹ 3000 ሜትር መሰናክል ከፍታውም 76.2 ሴንቲሜትር ስለሆነ ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያዝ አለ። አንድ አይደሉም። የ3000ው ከ80 እስከ 100 ኪሎ የሚመዝን፣ እንዳይወድቅ ተብሎ የተሠራ፣ ሯጯ ረግጣው ልታልፍ የምትችለው ግንድ ነው። የአጭር ርቀቱ ደግሞ ሲነካ መውደቅ አለበት። አንዱን በሌላው ቦታ ማቆም ጉልበት ያሰብራል። ይህ ግምገማ ስለሚወድቀው ነው።

ስምንት ለምን ሆነ? የዛሬው የሴቶች 100 ሜትር መሰናክል አሥር ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። ብየዳ ቤቱ ስብስቡን ያዘጋጀው ለ80 ሜትር ነው፤ እኛም ይህን ምርጫ ከልብ እንደግፋለን። 100 ሜትር መሰናክል ለማስሮጥ ከመነሻው ኋላ 3 ሜትር፣ ከመድረሻው ወዲያ ደግሞ ሯጮቹ ፍጥነታቸውን የሚያበርዱበት 17 ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ድምሩ 120 ሜትር ቀጥ ያለ መሬት ነው። ከብቸና እስከ እንጅባራ ትምህርት ቤቶች ያላቸው ሜዳ በአብዛኛው የኳስ ሜዳ ነው፤ እሱም ሲረዝም 100 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። 80 ሲደመር 3 ሲደመር 17 ልክ 100 ይመጣል። መስመሩ ከጎሉ ቋሚ ጎን ይሰመር እንጂ ጎሉ ፊት ለፊት አይሁን፤ መድረሻውን አልፋ የምትመጣ ልጅ መረቡን ሳይሆን ብረቱን ታገኘዋለች።

80 ሜትሩ ደግሞ ለትንሽ ሜዳ ሲባል የተቆራረጠ ርቀት አይደለም። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የሴቶች አትሌቲክስ በራሱ እግር ሲቆም አብሮ የጸና፣ ሻምፒዮኖች የወጡበት ርቀት ነው። ፈረንሳዊቷ አሊስ ሚሊያ የመሩት ዓለም አቀፍ የሴቶች ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1921 ተመሠረተ። በማግስቱ ዓመት ፓሪስ ላይ የሴቶችን ዓለም አቀፍ ውድድር ሲያዘጋጅ መሰናክሉ ገና 100 ያርድ ነበር፤ በ1930 ፕራግ ላይ ግን 80 ሜትር ሆኗል። በ1923 አሜሪካ የመጀመሪያውን የሴቶች ብሔራዊ ሻምፒዮና ኒዋርክ ላይ አካሄደች፤ እንግሊዝም በዚያው ዓመት የራሷን ብሮምሌይ ላይ ጀመረች። ኦሎምፒክ ለሴቶች አትሌቲክስ በሩን የከፈተው በ1928 አምስተርዳም ላይ ነው፤ ከተፈቀዱት አምስት ውድድሮች ግን መሰናክል አልነበረበትም። የገባው በ1932 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው።

የዚያ ዓመት የአሜሪካ ሻምፒዮና በኢቫንስተን ሲካሄድ ቤብ ዲድሪክሰን ብቻዋን እንደ አንድ ቡድን ተመዝግባ በስምንት ውድድሮች ተሰለፈች። አምስቱን አሸነፈች፣ በከፍታ ዝላይ አንደኝነቱን ተጋራች፣ 30 ነጥብ ሰበሰበች። ብዙ ልጆች ያሰለፈው ሁለተኛው ክለብ 22 ነጥብ ነው ያገኘው። አሎሎ፣ ጦር፣ ርዝመት ዝላይ፣ የቤዝቦል ኳስ ውርወራ፣ አምስተኛው ደግሞ ይኸው 80 ሜትር መሰናክል ነበር። በኦሎምፒኩ ፍጻሜ እሷና የአገሯ ልጅ ኤቭሊን ሆል ሁለቱም 11.7 ሰከንድ ተሰጥቷቸው ወርቁ ለዲድሪክሰን ሆነ። በ1936 በርሊን ላይ ጣሊያናዊቷ ኦንዲና ቫላ በ11.7 አሸነፈች። ቀኑ ኦገስት 6 ነበር፤ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ከገባ ሦስት ወር ከአንድ ቀን መሆኑ ነው። የጎጃም ሕዝብ በዚያ ክረምት የሚያስበው ሌላ ነበር፤ የዚያ ዘመን የስፖርት ታሪክ ለእኛ ለአንባቢዎቹ ያለዚህ ቀን ሙሉ አይሆንም። 80 ሜትሩ በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ለመጨረሻ ጊዜ በኦሎምፒክ ተሮጦ በ1972 ሙኒክ ላይ በ100 ሜትር ተተካ።

ስለዚህ ይህን ስብስብ የሚገዛ ትምህርት ቤት አንድ ነገር ይወቅ። ልጅቱ በ80 ሜትር ያስመዘገበችው ሰዓት ለክልል ወይም ለአገር አቀፍ ውድድር ማጣሪያ አይሆናትም። መሰናክሎቹ ግን በከንቱ አይቀሩም። ዛሬ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ሴቶች በ100 ሜትር የሚዘሉት ያንኑ 76.2 ሴንቲሜትር ነው፤ የሚቀየረው ቁጥሩና ርቀቱ ብቻ ነው። ሁለት መሰናክል አስጨምሮ ሰፊ ሜዳ ማግኘት ይበቃል።

ወደ ዕቃው እንግባ። ሁለቱ እግሮች አንጎላሬ፣ ማለትም በማዕዘን የታጠፈ ብረት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው 65 ሴንቲሜትር፤ የዓለም አቀፉ አትሌቲክስ ደንብ እስከ 70 ይፈቅዳል። ቋሚዎቹ ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት ናቸው። ስፋቱ 1.20 ሜትር ነው፣ የደንቡ ጣሪያ ላይ። ቋሚውና እግሩ የሚገናኙበት ቦታ ዙሪያውን ተበይዷል እንጂ በነጥብ ብቻ አልተያዘም። ቅርፊቱ ተመትቶ ረግፏል፣ በግራይንደር ተስተካክሏል፤ እጅ ቢያልፍበት አይቧጭርም። ይህን ያህል መጠንቀቅ ከብየዳ ቤቱ ሥራ የሚመሰገነው ነው።

ከሁሉ በላይ ልክ የሆነው ቅርጹ ነው። ከጎን ሲታይ የኤል ፊደል ነው፤ ቋሚው የእግሩ ጫፍ ላይ ተተክሎ እግሩ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይወጣል። እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ በየሻምፒዮናው ይቆም የነበረው መሰናክል እንዲህ አልነበረም። የተገለበጠ ቲ ነበር፤ እግሩ ወደፊትም ወደኋላም ይወጣ ነበር። የፊተኛው እግር ስለሚደግፈው ሲነካ በቀላሉ አይወድቅም፤ መውደቅ ሲጀምርም ጣውላው መጀመሪያ ወደ ላይ ይነሳል። እነ ዲድሪክሰን በዚያ ላይ ነው የሮጡት። በ1935 ነው ኤል ቅርጽ ያለው፣ በ8 ፓውንድ ማለትም በ3.6 ኪሎ ገደማ ጉልበት የሚወድቀው መሰናክል ደንብ የሆነው።

ይህ የድሮ ጉዳይ እንዳይመስል። አዲሱን መሰናክል አዙሮ ማቆም ወደ ድሮው ይመልሳል። እግሮቹ ወደ መነሻው፣ ወደምትመጣው ልጅ መዞር አለባቸው። ብዙ ጊዜ ተገልብጦ የሚቆመው እግሩ ያደናቅፋታል ተብሎ ስለሚሰጋ ነው፤ ስጋቱ መሠረት የለውም፣ ምክንያቱም የምትነሳው ከመሰናክሉ ሁለት ሜትር ገደማ ቀድማ ነው። ተገልብጦ ከቆመ ግን የሚዞርበት ነጥብ 65 ሴንቲሜትር ወደፊት ይሄዳል። ጣውላው ከመውደቁ በፊት ከ76 ሴንቲሜትር እስከ 1 ሜትር ድረስ ይነሳል፣ የተያዘውን እግር ይዞ ማለት ነው። ልጅቱ የምትወድቀው በጉልበቷ ሳይሆን በፊቷ ነው። እያንዳንዱ እግር ጫፉ ላይ ነጭ ቀለም ቢቀባ፣ መነሻው ላይ የቆመ ዳኛ ስምንቱንም በአንድ እይታ ይቆጣጠራቸዋል። ብየዳ ቤቱ ይህን አላደረገም፤ ቢያደርገው ወጪ የለውም።

ጉድለቱ ክብደቱ ላይ ነው። መሰናክሉ ሲመዘን 8.6 ኪሎ ነው፤ ደንቡ ከ10 እንዳያንስ ይላል። የመውደቂያ ጉልበቱን ለመለካት መንጠቆ ያለው ተንጠልጣይ ሚዛን ይበቃል። ሚዛኑ የላይ ጣውላው የላይ ጠርዝ መሀል ላይ በገመድ ይታሰራል፣ መሰናክሉ እንዳይንሸራተት ከቋሚዎቹ ግርጌ ፊት ለፊት ጣውላ ይደገፋል፣ ከዚያ ወደ ሩጫው አቅጣጫ በአግድም፣ በቀስታ ይሳባል። የእግሮቹ ጫፍ ከመሬት ሲላቀቅ ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ነው የሚፈለገው። ከ3.6 እስከ 4 ኪሎ መሆን አለበት። ይህኛው በ2.6 ኪሎ ተነሳ።

ቢቀልስ ምን አለበት የሚል ይኖራል፤ ለጀማሪዎች እውነት አለው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍርሃትን ለማስለቀቅ ቀላሉ ይሻላል፣ እንዲያውም እንዳለ ይተው። ችግሩ ሁለት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሩጫው ሳይጀመር ሦስት አራቱ ወድቀው ይገኛሉ። ሁለተኛው ይብሳል፤ መሰናክሉ ስትነካው ካልከበዳት ልጅቱ እግሯን ዝቅ አድርጋ እየገፋች ማለፍ ትለምዳለች፣ ደንቡን የጠበቀ መሰናክል ያለበት ውድድር ስትሄድ ደግሞ አራተኛው ላይ ትቆማለች።

መፍትሔው ሒሳብ ነው። ጉልበቱ ከመሬት ባለው ከፍታ፣ የሚጨመረው ክብደት ደግሞ ከቋሚው ባለው ርቀት ተባዝቶ ይነጻጸራል። 2.6 ኪሎን በ76.2 ሴንቲሜትር ማባዛት 198 ይሰጣል። 3.6 ኪሎ እንዲደርስ 274፣ ከ4 እንዳያልፍ ደግሞ ከ305 በታች መሆን አለበት። የ16 ሚሊሜትር ፌሮ አንድ ሜትሩ 1.58 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሜትር ፌሮ በ25 በ25 ሴንቲሜትር ተቆርጦ አራት ይሆናል፤ ሁለት ሁለቱ በየእግሩ አንጎላሬ ውስጥ፣ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ቋሚው ይተኛሉ። የፌሮዎቹ መሀል ከቋሚው 52.5 ሴንቲሜትር ይርቃል፤ 1.58 በ52.5 ሲባዛ 83 ነው። 198 ላይ ሲደመር 281፣ ለ76.2 ሲካፈል 3.7 ኪሎ ገደማ። ጠቅላላ ክብደቱም 10.2 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በአንድ ሜትር ፌሮ ሁለቱም ደንብ ይሟላል።

ፌሮው እንዲበየድ አይፈቀድለት፤ በላሜራ ማቀፊያና በቡሎን ይያዝ። ምክንያቱም ከፍታው ወደ 83.8 ሴንቲሜትር፣ ወደ አዋቂ ሴቶቹ ልክ ሲወጣ አራቱ አይበቁም፤ ያኔ በ3.4 ኪሎ ይወድቃል። በየእግሩ አንድ አንድ ፌሮ ሲጨመር 3.8 ገደማ ይደርሳል። በተቃራኒው ስድስቱን በ76.2 ላይ መተው 4.2 ያደርሰዋል፣ ይህም ከደንቡ በላይ ነው። ስለዚህ አራት ለዝቅተኛው፣ ስድስት ለከፍተኛው ተብሎ እግሩ ላይ በቀለም ይጻፍ። ቁጥሮቹ ለዚህ ዕቃ ናቸው፤ ሌላ ብየዳ ቤት የሠራው በሚዛን ሳይፈተሽ በዚህ ልክ አይጫንበት።

የከፍታ ቀዳዳዎቹ 76 እና 84 ላይ ተበስተዋል። ከ76.2 እና ከ83.8 ሁለት ሁለት ሚሊሜትር ይለያሉ፤ ደንቡ 3 ሚሊሜትር ስለሚታገስ ያልፋሉ። መቆለፊያው ግን ምስማር ነው፤ በቀዳዳው ውስጥ ይወዛወዛል፣ ጣውላውም አንድ ጎኑ ዝቅ ይላል። የ8 ሚሊሜትር ቡሎን ከቢራቢሮ ዳዶ ጋር ይተካው።

የላይ ጣውላው ባህር ዛፍ ነው፤ 7 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 2 ሴንቲሜትር ውፍረት። ልኩ ከደንቡ ጋር ይስማማል። ጣውላው ግን በደንብ ሳይደርቅ ተገጥሟል፤ ከስምንቱ ሁለቱ መሀላቸው ጎብጧል። ባህር ዛፍ እርጥብ ሆኖ ከተገጠመ መጣመሙ አይቀርም። ቢያንስ ጥላ ሥር ተደርድሮ፣ በየመሀሉ ቀጭን እንጨት ገብቶለት ከርሞ መሠራት ነበረበት። ዋንዛ ቢሆን ይሻል ነበር፤ አይጣመምም፣ ከባህር ዛፉም በግማሽ ኪሎ ያህል ይቀላል። ጣውላው በቋሚዎቹ አናት ላይ ስለሚቀመጥ ቅለቱ የመውደቂያ ጉልበቱን እምብዛም አይነካም፤ ጉልበቷን የሚመታት ዕቃ ግን ይቀላል። ዋንዛ እንደ ልብ አይገኝም፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ስለዚህ የደረቀ ባህር ዛፍ ብሎ አጥብቆ መያዝ ይበቃል። ጠርዙ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ይክበብ።

አሁን የተያዘው በምስማር ነው፤ ከጥቂት መውደቅ በኋላ የምስማሩ ራስ ብቅ ይላል፣ ብቅ ያለውም በሯጯ በኩል ነው። ራሱ ክብ የሆነ የ6 ሚሊሜትር ቡሎን ከፊት ገብቶ ዳዶው ከኋላ ይታሰር። ይህ ሳይደረግ አንዲት ልጅ እንኳ አትዝለለው።

ቀለሙ አንድ ወጥ ሰማያዊ ነው። ያምራል፣ ግን አይጠቅምም። ሯጯ የጣውላውን ዳርቻ የምትለየው በቀለም ልዩነት ነው፤ ለዚህ ነው ጥቁርና ነጭ የሚፈራረቀው፣ ጫፎቹም ነጭ ሆነው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 22.5 ሴንቲሜትር የሚሆኑት። ብረቱ ሥር ያለው አንቲረስት ሁለት እጅ ተቀብቷል፣ ለማርቆስ ክረምት ይህ ተገቢ ነው። የአንጎላሬው ውስጥ ግን አልተቀባም፤ ውኃ የሚያቁረው እዚያው ነው። ፌሮው ከመግባቱ በፊት ይቀባ።

ስለ ስታርቲንግ ብሎኩ ብዙ የሚባል የለም። መርገጫዎቹ ሁለቱም በአንድ ማዕዘን ተበይደዋል፤ የፊተኛው ጋደም፣ የኋለኛው ቀና ማለት ነበረበት። መሬት የሚይዙት ሹሎች 4 ሴንቲሜትር ብቻ ናቸው፤ ለሰው ሠራሽ መም እንኳ ሲረዝሙ ለአፈር ያጥራሉ። ደረቅ ቀይ አፈር ላይ ይይዛል፣ ዝናብ ከዘነበ ወደኋላ ይንሸራተታል፣ ዋልካ ላይ ጭራሽ አይሆንም። ቀዳዳ አስበስቶ በ12 ቁጥር ምስማር መቸንከር ይሻላል። ያ ካልሆነ ለልምምድ የድሮው ዘዴ አለ። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ስታርቲንግ ብሎክን የፈቀደው በ1937 ነው፣ በኦሎምፒክ የታየው በ1948 ለንደን ላይ። ከዚያ በፊት በኒዋርክም በአምስተርዳምም በበርሊንም የሮጡት ሴቶች በትንሽ አካፋ የእግር ጉድጓድ ቆፍረው ነው የተነሱት። የፊተኛው ጉድጓድ ከመስመሩ ሁለት ጫማ ርዝመት፣ የኋለኛው ሦስት ጫማ ርዝመት ይራቅ፤ የኋላ ግድግዳው ተደልድሎ ይጠቅጠቅ። ሩጫው ሲያልቅ ይደፈን፤ የኳስ ተጫዋች ቁርጭምጭሚት የሚታጠፈው እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

አተካከሉ ቀላል ነው። ከመነሻው ወደ መጀመሪያው መሰናክል 12 ሜትር፣ ከዚያ በየ8 ሜትሩ፣ ከመጨረሻው እስከ መድረሻው 12 ሜትር። ምልክቶቹ 12፣ 20፣ 28፣ 36፣ 44፣ 52፣ 60 እና 68 ላይ ይወድቃሉ። ሁሉም ከመነሻው በአንድ የተዘረጋ ሜትር ይለካ፤ ከመሰናክል ወደ መሰናክል እየተነሱ መለካት ስህተትን ያጠራቅማል። የጨርቅ ሜትር ሲሳብ ይረዝማል፣ የብረቱ ይሁን። ምልክቱ በኖራ ሲሰመር የጣውላው የሯጯ ወገን ጠርዝ ከመስመሩ ጋር እኩል ይምጣ። ልጆቹ እስከ መጀመሪያው ስምንት እርምጃ፣ በየመሀሉ ሦስት ይሮጣሉ። በየመሀሉ ሦስት የማይደርስላት ልጅ ካለች ለልምምድ ርቀቱ ወደ 7 ሜትር ይቀነስላት እንጂ አራት እርምጃ አትልመድ፤ አራት ሲሆን የምትነሳበት እግር በየመሰናክሉ ይቀያየራል።

ከአንድ በላይ ስብስብ ለሚገዛ፣ የደንቡ መስመር 1.22 ሜትር ስለሆነ 1.20 ስፋት ካለው መሰናክል ጎን ለጎን የሚተርፈው 2 ሴንቲሜትር ነው። ሣር ሜዳ ላይ መሰናክሎቹ ቀጥ ብለው ስለማይቆሙ ይነካካሉ፤ አንዱ ሲወድቅ የጎረቤቱን ይዞ ይወርዳል። ትምህርት ቤት ውስጥ መስመሩ 1.40 ቢሰመር የሚጎዳው የለም። ዋልካ ሜዳ ላይ ደግሞ እግሩ ስለሚሰምጥ ከፍታው መሀሉ ላይ ከጣውላው የላይ ጠርዝ እስከ መሬት እንደገና ይለካ፤ ሰምጦ የተያዘ እግር የመውደቂያውን ጉልበትም ከፍ ያደርጋል።

አገልግሎቱን በተመለከተ፣ ብየዳ ቤቱ ናሙና አሳይቶ ነው የሚዋዋለው፣ ይህ ጥሩ ነው። ናሙናው ደረቅ ጣውላ ነበረው፣ የመጣው ስብስብ ግን እርጥብ ቀላቅሏል። ስለዚህ ውሉ ላይ የጣውላው ድርቀት፣ የአንዱ መሰናክል ክብደት ከ10 ኪሎ እንዳያንስና የመውደቂያው ጉልበት ይጻፍ፤ ቀሪው ክፍያ ሚዛን ላይ ከተፈተሸ በኋላ ይሁን። ማሻሻያዎቹን ሲነገራቸው ሳያጉረመርሙ ይሠራሉ፤ የፌሮውንና የቡሎኑን ዋጋ ብቻ ነው የሚያስከፍሉት። ወደ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ በአይሱዙ ሲጫን ስምንቱ አንዱ በአንዱ ውስጥ እየገባ ይደረደራል፣ ቦታ አይፈጅም። በየመሀላቸው ማዳበሪያ ከረጢት ይግባ፣ ፌሮው ተፈትቶ ለብቻው ይጫን። ሲራገፍ ከሁሉ በፊት የሚታየው የቡሎኖቹ ዳዶ ነው፤ የመንገዱ ንቅናቄ ያላላዋል።